የጠዋቱ ግፊያ በምን ይቀላል?

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ለእረፍት አገር ቤት የሄዱ ተማሪዎቻችን የጠዋትና የማታውን ግፊያ ያውቁታል። ለመሆኑ ግፊያው ከየት ይመጣል? ምንስ ያቀልለዋል?

የመጀመሪያው መልስ ባቡር መጨመር ነው። በየ6 ደቂቃው ባቡር ቢመጣ በሰዓት 10 ጊዜ ሰው ይጭናል፤ በየ15 ደቂቃው ቢመጣ ግን 4 ጊዜ ብቻ። ለከተማዋ 41 ባቡሮች ተገዝተው ነበር፤ መለዋወጫ ሲጠፋ ግን ብዙዎቹ ቆሙ። ስለዚህ ጥገናም የግፊያ መፍትሔ ነው። ሆኖም ወሰን አለው፤ የቃሊቲና የአያት መስመሮች ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። እያንዳንዱ በየ6 ደቂቃው ቢልክ፣ በጋራው ሐዲድ ላይ በየ3 ደቂቃው ባቡር ያልፋል። አንዱ ሲዘገይ ሁለቱም መስመሮች ይዘገያሉ። ግፊያም ግፊያን ይወልዳል፦ ሰው በር ላይ ሲጋፋ ባቡሩ ይቆያል፣ በሚቀጥለው ፌርማታ ደግሞ የበለጠ ሰው ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው መልስ ሰዓትን ማከፋፈል ነው። በአዲስ አበባ ሲጀመር የነበረው የ2፣ የ4 እና የ6 ብር ታሪፍ የሚለያየው በርቀት እንጂ በሰዓት አልነበረም። ሲንጋፖር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ከጠዋቱ 1፡45 በፊት በመሀል ከተማ 16 ጣቢያዎች የሚወርዱትን በነፃ ማጓጓዝ ጀመረች። ከመቶው ሰባት ያህሉ ሰዓታቸውን ቀየሩ። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም፣ አፉ ድረስ ከሞላ ባቡር ሰባት ሰው ሲቀነስ በሩ ይዘጋል።

ቅናሽ ግን ሁሉንም እኩል አይጠቅምም። የመግቢያ ሰዓቱን ራሱ የሚመርጥ የቢሮ ሠራተኛ ይጠቀምበታል፤ ነርሷ፣ ጥበቃውና የጽዳት ሠራተኛዋ ግን ሰዓታቸውን የሚወስነው አሠሪ ነው። ስለዚህ ትልቁ ቁልፍ ያለው በተሳፋሪው ኪስ ሳይሆን በመሥሪያ ቤቶችና በትምህርት ቤቶች እጅ ነው። ሁሉም በአንድ ሰዓት ከጠራ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይጋፋል።

ሩንዳ ባቡር የለም። ነገር ግን ልጆቻችንን የሚያመጡ መኪኖችና ሠራተኞቻችንን የሚያመጡ ማታቱዎች በሊሙሩ መንገድ ላይ የሚገናኙት በዚሁ ምክንያት ነው። የትምህርት ቤት ደወል ግማሽ ሰዓት ሲገፋ ሐዲድም አስፋልትም መገንባት አያስፈልግም። ወላጆች፣ ስለ መግቢያ ሰዓት ስንመክር ይህን አስቡበት፤ ተማሪዎችም ሒሳቡን ሠርታችሁ አሳዩን።