ከብረት ወደ አፈር፦ የኖርማን ፎስተር ጣሪያዎች

በመንዝ ደጋ የቤቱ ግድግዳ ድንጋይ ነው፤ የሚያስጨንቀው ጣሪያው ነው። በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠበቅ የኖረው የጓሳ ሣር መልካም ክዳን ቢሆንም የሚሸከመው እንጨት ይፈልጋል፤ እንጨት ደግሞ በዚህ ከፍታ በቀላሉ አይገኝም። ሣሩን እየተካ ያለው ቆርቆሮም ብርዱን አይመክትም።

እንግሊዛዊው አርክቴክት ኖርማን ፎስተርም የጣሪያን ሸክም ለማቅለል ሲደክሙ የኖሩ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱት ከሠራተኛ ቤተሰብ ሲሆን፣ በ16 ዓመታቸው ትምህርት አቋርጠው በማንቸስተር ማዘጋጃ ቤት ተቀጥረው ነበር። በ1967 የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ። «ሃይቴክ» የሚባለው የሥነ ሕንፃ ስልት ከስማቸው ጋር ይነሳል፤ ተሸካሚው ብረት አይሸሸግም፣ ክፍሎቹ በፋብሪካ ተመርተው በቦታው ይገጣጠማሉ።

በ1978 የተመረቀውን የሴንስበሪ ማዕከል ያዩት አሜሪካዊው ባክሚንስተር ፉለር፣ ሕንፃው ስንት እንደሚመዝን ጠየቋቸው። ጥያቄው እንግዳ ይመስላል፤ የቤት እንጨት ተሸክሞ አቀበት የወጣ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል። በ1991 በተከፈተው የለንደኑ ስታንስቴድ አውሮፕላን ማረፊያ ፎስተር ቀድሞ በጣሪያ ላይ ይቀመጡ የነበሩትን የአየር ማስተካከያ መሣሪያዎች ከወለል በታች አወረዱ። የቀለለው ጣሪያ ብርሃን ማስገቢያ ሆነ። ሌሎች ማረፊያዎችም ይህንኑ ተከተሉ። በ1999 የፕሪትዝከርን ሽልማት አገኙ።

ለገጠሩ የሚቀርበው ሥራቸው ግን በ2016 በቬኒስ የታየው ነው። ለሩዋንዳ የታሰበው የድሮን ጣቢያ ናሙና የተሠራው ከተጠቀጠቀ የአፈር ጡብ ነበር። ቅስት ሆኖ ስለሚቆም ጣሪያውን የሚሸከም እንጨትም ብረትም አይሻም። የቅስቱን ስሌት ከሠሩት መካከል በዙሪክ የሚያስተምሩት ፊሊፕ ብሎክ ይገኙበታል። የእርሳቸው የምርምር ቡድን ከስድስት ዓመት በፊት፣ በ2010፣ ከአዲስ አበባው የሥነ ሕንፃ ተቋም ጋር በአፈር ጡብ ቅስት የተሸፈነ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት በአዲስ አበባ ሠርቶ ነበር። ዘዴው አገራችንን ቀድሞ አውቋታል ማለት ነው።

ይህ ሲባል ነገ ጓሳ ላይ ይሠራ ማለት አይደለም። ቅስት ግድግዳን ወደ ውጭ ይገፋል፤ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ማጠናከሪያ ካልታሰረለት ሊከፈት ይችላል። መረሬ አፈርም፣ በግብርና ኮሌጅ እንደተማርነው፣ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለብቻው ጡብ አይሆንም። ክረምቱና ውርጩም አሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረመረው የየቀበሌው አፈር ነው።