ሞዴሉ የፈረንጅ ሰዓት ይቆጥራል

የፋብሪካ ጭስ የት እንደሚያርፍ በኮምፒዩተር መተንበይ ዛሬ ብርቅ አይደለም፡፡ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ከ2005 መጨረሻ ጀምሮ ተመራጭ ያደረገው ኤርሞድ የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፡፡ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ የምንሠራ ባለሙያዎችም እንጠቀምበታለን፡፡ ችግሩ የተሳሳተ ቁጥር ሲሰጡትም አብዛኛውን ጊዜ ሳያጉረመርም ያማረ ባለቀለም ካርታ ማውጣቱ ነው፡፡

የራሴን ልንገራችሁ፡፡ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጭስ ማውጫው አጭር የሆነ አንድ የብረት ማቅለጫ አጥንቼ፣ በአጥሩ ሥር ላሉት ቤቶች የሚደርሰው ብክለት ከገደቡ በታች ነው በማለት ሪፖርቱን ለፊርማ አዘጋጀሁ፡፡ የየሰዓቱን ነፋስ ሳገላብጥ ግን የሚበረታው በማለዳ፣ ፀጥ የሚለው በቀትር ሆኖ አገኘሁት፡፡ በአዲስ አበባ ዙሪያ የኖረ ሰው ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን ያውቃል፡፡ ለካስ በቦታው መረጃውን በእጅ የመዘገበው ልጅ ሰዓቱን ከንጋት ጀምሮ ከ1 እስከ 24 ቆጥሮታል፡፡ በሀገራችን አቆጣጠር ልክ ነው፡፡ ኤርሜት የሚባለው የአየር ጠባይ መረጃ አዘጋጅ ግን ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፡፡ ስለዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የነበረው ደካማ ነፋስ ለፕሮግራሙ ፀሐይ አናት ላይ ያለችበት 13 ሰዓት ሆነለት፡፡

ልዩነቱ ቀላል አይደለም፡፡ ቀን ምድር ስትሞቅ አየሩ ከታች ወደ ላይ እየታመሰ ጭሱን ይበትነዋል፡፡ ማታ ስትቀዘቅዝ ግን አየሩ ይረጋል፤ ከአጭር ጭስ ማውጫ የወጣ ጭስም መሬት ለመሬት ይሳባል፡፡ ሞዴሉ ሰዎች ለእራት የሚሰበሰቡባቸውን ሰዓታት ፀሐይ አውጥቶ በትኖልኛል! ስድስቱን ሰዓት ሳስተካክል ውጤቱ ከገደቡ በላይ ወጣ፡፡ ደንበኛዬ አልተደሰተም፤ ጭስ ማውጫው እንዲረዝም ግን ጻፍኩ፡፡

ሌላም የሰዓት ወጥመድ አለ፡፡ ኤርሜት ቀን ጭሱ የሚደባለቅበትን የአየር ንብርብር ከፍታ ለማስላት፣ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት በፊኛ የተለካ የላይኛው አየር መረጃ ይፈልጋል፡፡ አሜሪካኖቹ በግሪንዊች 12 ሰዓት የተለካውን ይወስዳሉ፤ እዚያ ማለዳ ነውና፡፡ ያንኑ የቀዳ የእኛ ሰው ከቀኑ 9 ሰዓት የተለካውን አስገባ ማለት ነው፡፡ ለእኛ የሚሆነው በግሪንዊች እኩለ ሌሊት፣ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተለካው ነው፡፡

የነፋስ አቅጣጫ ሲባል የመጣበት እንጂ የሚሄድበት አይደለም፡፡ ይህ ከተገለበጠ ጭሱ የሌላ ሰፈር ሰው ላይ ያርፋል፡፡ እኔ ዊንድ ሮዝ የሚባለውን የነፋስ ሥዕል ሳላይ ሞዴሉን አላስነሳም፤ የአዲስ አበባ የዓመት መረጃ ሆኖ የምሥራቁ ነፋስ ጎልቶ ካልታየም እጠረጥራለሁ፡፡

የጭሱ ሙቀት የሚገባው በኬልቪን ነው፤ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ 423 ይሆናል፡፡ እንዲሁ 150 ብሎ ያስገባ ሰው ጭሱን ከበረዶ በታች አቀዝቅዞታልና ወደ ላይ የሚያነሳው ሙቀት አይኖርም፡፡ በጭስ ማውጫው አጠገብ ያሉ ሕንፃዎችንም አትዝለሉ፤ ከጀርባቸው የሚፈጠረው የአየር ሽክርክሪት ጭሱን ወደ መሬት ይጎትታል፡፡

ስለ ካርታ አንድ ነገር ልጨምር፡፡ የቆዩት የሀገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው መነሻ ሲሆን የጂፒኤስ መሣሪያ የሚጠቀመው ሌላ ነው፡፡ ሁለቱን ስትቀላቅሉ ቦታው 200 ሜትር ያህል ይንሸራተታል፡፡ እኔ ካጠናሁት ማቅለጫ አጥር እስከ መጨረሻው ቤት ያለው ርቀት ከዚያ ያንሳል፡፡