የጉዲፈቻ ልጅ ንግግር ሲዘገይ «ጠብቁ» ቢሏችሁ

በጉዲፈቻ ልጅን ተቀብሎ ቤት ማስገባት የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። በአሜሪካ ከኢትዮጵያም ሆነ ከሌላ አገር ልጅ የተቀበሉ ብዙ ወላጆች፣ ልጃቸው እንደ እኩዮቹ አልናገር ሲላቸው እርዳታ ይጠይቃሉ። መልሱ ግን አንዳንዴ «እንግሊዝኛ እስኪለምድ ጠብቁ» ይሆናል።

ይህ ምክር የሚያሳስተው ለምንድን ነው? በቤቱ አማርኛ የሚሰማ የስደተኛ ልጅ እንግሊዝኛን የሚጨምረው የመጀመሪያ ቋንቋውን ይዞ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ ወደሚነገርበት ቤት የገባ ትንሽ ልጅ ግን የቀድሞ ቋንቋውን በጥቂት ወራት ውስጥ ይረሳል፤ አዲሱም ገና አልተተከለም። በማሳደጊያ ተቋም የቆየ ከሆነ ደግሞ በቂ የሚያነጋግረው ሰው አላገኘ ይሆናል። ስለዚህ ጊዜ ብቻውን አይፈታውም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. አስቀድማችሁ የልጁን የመስማት ችሎታ አስመርምሩ። የጆሮ ሕመም ንግግርን ሊያዘገይ ይችላል።

2. ልጁ ከ3 ዓመት በታች ከሆነ በየስቴቱ ወዳለው «ኧርሊ ኢንተርቬንሽን» ወደተባለው ፕሮግራም ራሳችሁ ደውሉ። ምርመራው በነፃ ነው፤ ከጠየቃችሁበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ እንዲጠናቀቅ ሕጉ ያዛል።

3. 3 ዓመት ከሞላው፣ ገና ትምህርት ባይጀምርም፣ በአካባቢያችሁ ላለው የሕዝብ ትምህርት ቤት አስተዳደር ምርመራ እንዲደረግለት በጽሑፍ አመልክቱ፤ ቅጂውንም ያዙ። ስቴቱ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በቀር፣ ፈቃዳችሁን ከሰጣችሁ በኋላ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው።

4. እምቢ ካሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ይህንን መስጠት ግዴታቸው ነው፤ እናንተም ይግባኝ የማለት መብት አላችሁ።

ኢትዮጵያ ልጆችን ለውጭ ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠትን በ2010 ዓ.ም. በሕግ አግዳለች። ከዚያ በፊት ከመጡት አንዳንዶቹ ዛሬ ተማሪዎች ናቸው። ጥሩ እየተናገሩ የሚያነቡትን መረዳት ቢከብዳቸው እንኳ አልመሸም፤ ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርሱ ድረስ ምርመራ መጠየቅ ይቻላል።

አማርኛ የምታነቡ ወገኖችም ድርሻ አላችሁ። ከማሳደጊያው የመጣውን የልጁን ወረቀት ለወላጆቹ ተርጉሙላቸው፤ ስለ አስተዳደጉ የሚናገር አንድ መስመር ለመርማሪው ብዙ ይጠቅማል። ምሳሌ 31፥8 መናገር ለማይችለው እንድንናገርለት ያሳስበናል። ለዚህ ልጅ እናንተ ተናገሩለት።