ያውቁ ኖሯል? ክሮስኦቨር የሚጀምረው ከሳጥኑ ቀዳዳ ነው

በቤቱ ስፒከር የሚሠራ ሰው ሳጥኑን በስቶ ሲጨርስ የክሮስኦቨሩን ነገር ገና አልጀመርኩም ይላል። ጀምሯል! ባሱን ለዉፈር፣ ቀጭኑን ድምፅ ለትዊተር የሚያከፋፍሉት ኮይልና ካፓሲተር ዉፈሩና ትዊተሩ የት እንደተገጠሙ ታይቶ ነው የሚመረጡት። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

◆ የ3000 ኸርትዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 11.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በመከፋፈያው (ድምፁ ከዉፈር ወደ ትዊተር በሚሻገርበት ኸርትዝ) ላይ ዉፈሩም ትዊተሩም አብረው ስለሚጮኹ፣ መካከላቸው ከአንድ ሞገድ በላይ ከተራራቀ ከወንበርዎ ብድግ ሲሉ ድምፁ ይለወጣል። ባለ 8 ኢንች ዉፈር ከትዊተር ጋር ተጠጋግቶ ቢገጠም እንኳ ከመሐል እስከ መሐል 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ መከፋፈያው ከ2100 ኸርትዝ ባይዘል ይመረጣል። ትዊተሩ ይህን ያህል ዝቅ ማለት ካልቻለ አነስ ያለ ዉፈር ይፈልጉ።

◆ የዉፈር ድምፅ የሚነሣው ከትዊተሩ ትንሽ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ነው። ልዩነቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በ3000 ኸርትዝ ላይ ከአንድ አምስተኛ ሞገድ በላይ መዘግየት ነው። አንዳንዱ የሳጥኑን ፊት ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ሌላው ክሮስኦቨሩን ያርማል።

◆ በ1930ዎቹ የኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ ሰዎች የኤልነር ፓወልን የታፕ ዳንስ በሲኒማ ስፒከር ሲያዳምጡ አንዷ የጫማ ምት ሁለት ሆና ተሰማቻቸው። ጥፋቱ የተዋናይቷ አልነበረም፤ የባሱ መለከት መሰል ቀንድ ረጅም ስለነበር ባሱ ወደ ኋላ እየቀረ ነበር። የባሱና የቀጭኑ ድምፅ መንገድ ተቀራርቦ የተሠራው አዲሱ ስፒከር የ1936ን የኦስካር ቴክኒክ ሽልማት አግኝቷል።

◆ በሂውሌት ፓካርድ ይሠሩ የነበሩት ሊንክዊትዝና ራይሊ ያወጡት፣ በ1976 የታተመው ክሮስኦቨር በመከፋፈያው ላይ ዉፈሩንም ትዊተሩንም በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ስለሚገፉ ድምፁ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሳይዘነብል ፊት ለፊት ይመጣል።

◆ የትዊተርን ፕላስና ማይነስ ገልብጦ ማሰር ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። በኦክታቭ 12 ዴሲቤል የሚቆርጥ ክሮስኦቨር ሁለቱን በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚያስኬዳቸው ብዙ ጊዜ አንዱ መገልበጥ አለበት።

◆ ትዊተሩን በሁለት ዉፈሮች መካከል የማስቀመጥን ዘዴ በ1983 ያስተዋወቀው ጆሴፍ ዳፖሊቶ ነው። ላይና ታች እኩል ስለሆነ የድምፁ አቅጣጫ አይዛነፍም። ይህ ግን ስፒከሩ ሲቆም ነው! እሱ ያቆመውን እኛ ቴሌቪዥን ሥር አጋደምነው፤ መሐል ለተቀመጠ ደህና ነው፣ ከጎን ለተቀመጠ ግን የተናጋሪው ድምፅ ይጎድላል።

◆ ሁለት ባለ 8 ኦም ዉፈሮች በፓራለል ሲታሰሩ 4 ኦም ይሆናሉ። በዚያው መከፋፈያ የዉፈሩ ኮይል በግማሽ ይቀንሳል፣ ካፓሲተሩ እጥፍ ይሆናል። ለአንድ ዉፈር የተሠራውን ክሮስኦቨር እንዳለ ማያያዝ ገንዘብ ማባከን ነው።

◆ ታኖይ በ1947፣ ኬ ኢ ኤፍ በ1988 ትዊተሩን ከዉፈሩ መሐል አስገብተው ከርቀቱ ጣጣ ገላግለውናል።

◆ ላይኛውና ታችኛው ድምፅ መግጠሙን ለማወቅ የትዊተሩን ፕላስና ማይነስ ለጊዜው ገልብጠው ይለኩ። በመከፋፈያው ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ከታየ ቀድሞ የነበረው አስተሳሰር ትክክል ነው። ላዩ ላይ «8 ኦም፣ 3000 ኸርትዝ» ተብሎ የሚሸጠውን ክሮስኦቨር ከመግዛትዎ በፊት ዉፈርና ትዊተሩን ሳጥኑ ላይ ገጥመው ይለኩ።