ስለ ዝናም መዝገብ በሲናና ወረዳ

በባሌ ደጋ፥ በሮቤና በጎባ ዙሪያ፥ ይልቁንም በሲናና ወረዳ ያለው የስንዴና የገብስ እርሻ በዓመት ኹለት ጊዜ ይዘራል። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ያለውን ወራት የአገሩ ሕዝብ ጋና፥ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ያለውን ቦና ይለዋል። የጋናው እህል ለአጨዳ ሲደርስ የቦናው ዝናም ስለሚዠምር፥ ጥቂት ቀን የዘገየ ገበሬ ስንዴው በዛላው ላይ እንዳለ ርሶ ይበቅልበታል። ስለዚህ የዝናሙን ወራት ለገበሬው በስልክ የሚያስታውቅ ሶፍትዌር ለማሠራት ያሰበ የወረዳ ሹም ዐሳቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው፥ የዝናሙ ቍጥር ከወዴት እንደሚመጣ ነው።

የመዠመሪያው ምንጭ የአገር ቤቱ ነው። በ1973 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት፥ በአሜሪካ ካለው ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ጋራ ኾኖ፥ በየጣቢያው የተለካውን ዝናም ሳተላይት ካየችው ጋራ አዋሕዶ፥ አገሩን በአራት በአራት ኪሎ ሜትር ከፍሎ የየዐሥሩን ቀን ዝናም መዝግቧል። ከዚህም የተሠሩት ካርታዎች በኢንተርኔት ለሕዝብ እንዲታዩ ተደርጓል። የየጣቢያውን የዕለት መዝገብ የሚፈልግ ግን ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይጽፋል።

ኹለተኛው ምንጭ የውጭ አገር ነው። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት አባል መንግሥታት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1995፥ ኋላም በ2021 ባደረጉት ውሳኔ ዋና ዋናውን የአየር ጠባይ መዝገብ ያለ ዋጋ ሊለዋወጡ ተስማምተዋል። ዠርመን በ2017 ሕጓን አሻሽላ የመሥሪያ ቤቷን መዝገብ ለሕዝብ ከፈተች። የኖርዌይ መሥሪያ ቤት የዓለሙን ኹሉ ትንበያ ለሶፍትዌር ሠሪዎች በነጻ ይሰጣል፤ ሠሪው ግን ማንነቱን እንዲገልጥና ምንጩን እንዲጠቅስ ይጠይቃል። ከ1981 ዠምሮ የተያዘው ቺርፕስ የሚባለው የካሊፎርኒያ ሊቃውንት የዝናም መዝገብም ያለ ክፍያ ይገኛል። እንግዲህ ይህን በነጻ የሚገኝ ነገር ለወረዳ በውድ ዋጋ ሊሸጥ የሚመጣ ነጋዴ ቢኖር፥ ሹሙ ውል ከመፈረሙ በፊት ምንጩን ይጠይቀው።

ኾኖም በነጻ የተገኘ ኹሉ እንዳለ አይታመንም። ሳተላይት የምታየው የደመናውን ራስ ቅዝቃዜ እንጂ መሬት የደረሰውን ጠብታ አይደለም፤ ተራራና ሜዳ በተቀራረበበት በባሌ አገር ደግሞ አንድ የካርታ ክፍል የሰነቴን ብርድና የሜዳውን ማሳ አማካይቶ ሊያሳይ ይችላል። የአሜሪካ መንግሥት የሚያጠራቅመው የዓለም ጣቢያዎች የዕለት መዝገብ ዝናሙን በሚሊ ሜትር ዐሥረኛ ስለሚጽፍ፥ 25 ሚሊ ሜትር 250 ተብሎ ይገኛል። ከኹሉ የሚከፋው ሳይለካ የቀረው ቀን ነው። ሶፍትዌር ሠሪው ባዶውን ስፍራ ዜሮ ብሎ ቢሞላው፥ ለካቢው ታሞ የቀረበት ሳምንት ድርቅ ኾኖ ይቈጠራል፤ ዝናሙን ያየ ገበሬም ከዚያ ወዲያ የስልኩን ምክር አይሰማም።

ስለዚህ የውጩን ቍጥር በፈረንጅ አቈጣጠር በ1986 ከተቋቋመው ከሲናና የእርሻ ምርምር ማዕከል የዝናም መለኪያ ጋራ ለበርካታ ዓመታት ጋናና ቦና ለየብቻ ማስተያየት ያስፈልጋል።

መዝገብን ማካፈል የሚያስገኘውን ጥቅም የስንዴ ዋግ አሳይቷል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ2010 ቢጫ ዋግ፥ በ2013 ደግሞ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ብዙ ማሳ አጥፍቷል። ከዚህ በኋላ የእንግሊዝ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የነፋሱንና የእርጥበቱን ትንበያ እየሰጠ፥ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የዋጉ ዘር ወዴት እንደሚነፍስ እያሰላ፥ የኢትዮጵያ የእርሻ ምርምር ሊቃውንት በየማሳው ያዩትን እየጨመሩ፥ መድኀኒት የሚረጭበት ጊዜ ሳያልፍ ማስጠንቀቂያ ለእርሻ ሠራተኞች እንዲደርስ አድርገዋል።