የተጠቃሽነት ቁጥርና የተመራማሪ ስም፦ ከኮልፌ ቀራንዮ የኢሚዩኖሎጂ ጥናቶች የሚወሰድ ትምህርት

የአንድ ተመራማሪ የኅትመት መዝገብ ለማዕረግ ዕድገት ወይም ለምርምር ድጋፍ ሲቀርብ፣ ገምጋሚዎች ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚመለከቱት የተጠቃሽነቱን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ግን ትርጉም የሚኖረው ሁለት ጥያቄዎች ሲመለሱ ነው። የተቈጠሩት ጽሑፎች የተመራማሪውን ሥራ በሙሉ ያካትታሉን? ንጽጽሩስ የተደረገው ከየትኛው የጥናት ዘርፍ ጋር ነው? በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከአለርት ሆስፒታል ጎን የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ታሪክ ሁለቱንም ጥያቄዎች ለመመርመር ይረዳል።

ኢንስቲትዩቱ በ1970 እ.ኤ.አ. በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ ሲቋቋም ትኩረቱ የሥጋ ደዌ ነበር። ስያሜውም የበሽታውን ባክቴሪያ በ1873 እ.ኤ.አ. ላገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም መታሰቢያ ነው። ባክቴሪያውን በሰው ሠራሽ ማሳደጊያ ማራባት ስለማይቻል፣ የሰውነት የመከላከል ሕዋሳት ለባክቴሪያው የሚሰጡትን ምላሽ መለካት ዋነኛ የምርምር መንገድ ሆነ።

በዚህ ዘዴ ከተሠሩት ጥናቶች አንዱ በ1973 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመው የቶሬ ጎዳልና የነጋሲ ጽሑፍ ነው። በሥራቸው ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ከሕሙማን ጋር ግንኙነት ከነበራቸው ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት፣ የደማቸው ሊምፎሳይቶች ለባክቴሪያው ምላሽ ሰጥተዋል። ከዚህም ተነሥቶ ጥናቱ ያመለከተው፣ ተሕዋሲው ከበሽታው ይልቅ እጅግ በስፋት እንደሚዛመትና ከተጋለጡት ብዙዎቹ ሳይታመሙ እንደሚቀሩ ነው።

በማጣቀሻ ዝርዝሮች ውስጥ ሁለተኛው ደራሲ «ነጋሲ ኬ.» ተብሎ ይገኛል። የምዕራባውያን የአጠቃቀስ ሥርዓት የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል። በኢትዮጵያ ልማድ ግን ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። በመሆኑም የተመራማሪው መጠሪያ ወደ አንድ ፊደል ያጥራል፤ አባቶቻቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው የማይዛመዱ ሰዎችም በአንድ መዝገብ ሊደባለቁ ይችላሉ። «ገብረ»፣ «ወልደ» እና «ኃይለ» ያለባቸው ስሞች አንዴ ተያይዘው፣ አንዴ ተለያይተው በላቲን ፊደል ሲጻፉ ደግሞ የአንድ ሰው ሥራ በሁለት መዝገብ ይከፈላል።

ጉዳቱ በኤች-ኢንዴክስ ላይ በግልጽ ይታያል። የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 እ.ኤ.አ. ባቀረበው በዚህ መለኪያ፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 8 ጊዜ የተጠቀሱ 8 ጽሑፎች ያሉት ተመራማሪ 8 ያገኛል። ጽሑፎቹ በሁለት የስም አጻጻፍ አራት አራት ሆነው ቢከፈሉ ግን በእያንዳንዱ መዝገብ የሚታየው 4 ብቻ ነው። ሥራው ሳይቀንስ መለኪያው በግማሽ ወረደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የዘርፍ ንጽጽር ነው። በካንሰር ኢሚዩኖሎጂ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እጅግ ብዙ ስለሆኑ፣ የሚጠቅሱም የሚጠቀሱም ጽሑፎች ይበዛሉ። የሥጋ ደዌ ተመራማሪዎች ማኅበረሰብ ግን ጠባብ ነው። የሁለቱን ዘርፎች ጥሬ ቁጥር ጎን ለጎን ማስቀመጥ የዘርፎቹን ስፋት እንጂ የሥራዎቹን ጥራት አይለካም። በ2015 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት የወጣው የላይደን ማኒፌስቶም የዘርፎች ልዩነት ከግምት እንዲገባና ለአካባቢ ፋይዳ ያላቸው ጥናቶች ጥበቃ እንዲደረግላቸው ያሳስባል።

ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከመጀመሪያው ጽሑፉ ጀምሮ የስሙን የላቲን አጻጻፍ መርጦ ሊጸናበት ይገባል። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚሰጠውን ኦርኪድ የተባለ ባለ16 አኃዝ የተመራማሪ መለያም ሊይዝ ይገባል፤ መለያው ስም ቢለያይም ሥራዎችን ከአንድ ባለቤት ጋር ያገናኛል። ገምጋሚ ኮሚቴዎች ደግሞ አመልካቹ ራሱ ያረጋገጠውን የኅትመት ዝርዝር ሊቀበሉ፣ ቁጥሩን ከተመሳሳይ ዘርፍና የሥራ ዘመን ጋር ሊያነጻጽሩ፣ ከዚያም ጥቂት የተመረጡ ጽሑፎችን ራሳቸው ሊያነቡ ይገባል። አንድ ጥናት ስለ በሽታ መተላለፍ የነበረውን ግንዛቤ መለወጡ የሚታወቀው በመነበቡ ነው።