ያልወለደው አባት፦ ቅዱስ ዮሴፍና የስደተኛ አባትነት

በእኛ ባሕል አባትነት በቅድሚያ የደም ጉዳይ ነው። «የማን ልጅ ነህ?» ስንባል የምንቆጥረው ዘር ነው። ታዲያ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለአባቶች አርአያ ስትፈልግ ልጁን ያልወለደውን ሰው ለምን መረጠች? በዚህች አጭር ጽሑፍ፣ እንደ አንድ ካቶሊካዊ ምእመን፣ የማምንበትን መልስ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በአራቱም ወንጌላት ውስጥ ቅዱስ ዮሴፍ የተናገረው አንድም ቃል አልተጻፈም። የተጻፈው ሥራው ነው። ማቴዎስ አራት ሕልሞችን ይተርካል፤ ከእያንዳንዱም በኋላ ዮሴፍ አንድ ነገር ያደርጋል። እጮኛውን ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ ይሸሻል፤ ሄሮድስ ሲሞት ይመለሳል፤ በይሁዳ የሄሮድስ ልጅ አርኬላዎስ መንገሡን ሰምቶ ስለ ፈራ ደግሞ መንገዱን ወደ ገሊላ ያዞራል።

በአገራችን የክርስትና ትውፊት ዮሴፍ «አረጋዊ» እና «ጠባቂ» ተብሎ ይታወቃል። በወርኃ ጽጌ ስደቱ ሲታሰብ ልባችን የሚያርፈው በእናቲቱና በልጇ ላይ ነው፤ እርሱ በትሩን ይዞ ከጎን ይሄዳል። በላቲኑ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ክብሩ ጎልቶ የወጣው ዘግይቶ ነው። ፒዮስ 9ኛ በ1870 የመላዋ ቤተ ክርስቲያን ጠባቂ ብለው ሰየሙት፤ ፒዮስ 12ኛ በ1955 የሠራተኛው ዮሴፍን በዓል ሜይ 1 ቀን አደረጉት። በ2025 ያረፉት ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ደግሞ በዲሴምበር 2020 «ፓትሪስ ኮርዴ» (በአባት ልብ) የተሰኘውን ሐዋርያዊ መልእክት ጻፉ። እንደ መልእክቱ አስተምህሮ ሰው አባት የሚሆነው ልጅን ወደ ዓለም በማምጣቱ ብቻ ሳይሆን የልጁን ሕይወት በኃላፊነት በመቀበሉ ነው።

ይህ መቀበል በተግባር ምን ይመስላል? አንደኛው ስም ነው። መልአኩ ልጁን ኢየሱስ ብሎ እንዲጠራው ያዘዘው ዮሴፍን ነው፤ ስም በማውጣቱም በሕግ ፊት አባቱ ሆነ። የናዝሬት ሰዎችም ኢየሱስን የዮሴፍ ልጅ፣ የአናጢው ልጅ ይሉት ነበር። በአባታችን ስም የምንጠራ እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ማንም ሊያስተምረን አያሻም።

ሁለተኛው ስደት ነው። ዮሴፍ ቤተሰቡን ለማዳን አገሩን ጥሎ ወጣ፤ ሲመለስም የገዥዎቹን ነገር አመዛዝኖ የሚኖርበትን ቦታ መረጠ። እዚህ ውጭ አገር ሌሊት ታክሲ የሚነዳውን፣ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቀውን፣ በአገሩ የነበረውን ማዕረግ የሚያውቅለት ያጣውን አባት ሳስብ ዮሴፍ ይታየኛል። ብዙዎች ልጃቸው አስተርጓሚያቸው በሆነ ዕለት አባትነታቸው ያበቃ ይመስላቸዋል። የዮሴፍ ክብር ግን በማዕረግ ላይ አልቆመም። በቤተ መቅደስ ያቀረቡት መሥዋዕት እንኳ የድሆች መሥዋዕት፣ ሁለት ወፎች ነበር።

ሦስተኛው መልቀቅ ነው። ልጁ በ12 ዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀርቶ በሦስተኛው ቀን ሲገኝ፣ በሌላ አባቱ ቤት መሆን እንደሚገባው ተናገረ። ዮሴፍና ማርያም ነገሩ አልገባቸውም። ዮሴፍ ግን «እኔስ?» ሲል አልተጻፈም። ከእርሱ የሚበልጥ ጥሪ ያለበትን ልጅ ይዞ ወደ ናዝሬት ወረደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስጠንቀቅ እወዳለሁ። ብዙዎቻችን ያደግነው ዝምተኛ አባት በከበረበት ቤት ነው። ስለዚህ የዮሴፍን ዝምታ ለራሳችን ዝምታ መሸፈኛ እንዳናደርገው ያስፈራኛል። ኪራይ ከፍሎ፣ ቀለብ አቅርቦ፣ ከዚያ በኋላ ከልጆቹ ጋር የማይነጋገር ሰው የዮሴፍ ደቀ መዝሙር አይደለም። ማርያም ልጇን በቤተ መቅደስ ባገኘችው ጊዜ፣ በጭንቀት መፈለጋቸውን ስትነግረው አባቱን ከራሷ አስቀድማ ጠርታለች። የዮሴፍ ጭንቀት በቤቱ ይታወቅ ነበር ማለት ነው። ቃሉ አልተጻፈም እንጂ ፍቅሩ አልተደበቀም።

እንግዲህ መልሱ ይህ ይመስለኛል። ቤተ ክርስቲያን ያልወለደውን የመረጠችው መውለድን አቃልላ ሳይሆን፣ የወለድነውንም ልጅ ቢሆን በየቀኑ መቀበል እንዳለብን ልታስተምረን ነው። የእንጀራ አባት፣ አጎት፣ የክርስትና አባት፣ ያለ ዘመድ የመጣን ወጣት በቤቱ ያስጠጋ ወገን፣ ሁሉም በዚህ ስም የመጠራት ድርሻ አላቸው።

ቸር ይግጠመን።